የጋሼ ሁለት ቪዲዮ

የሰፈራችንን ፀጉር አስተካካይ ጋሼን ያገኘኋቸው ልጄን ልወስድ ሄጄ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። ፊታቸው ጠቁሯል። የልጅ ልጃቸውን፣ የሦስተኛ ክፍሏን ሚጣን፣ ከትምህርት በኋላ ከሚሰጠው የቪዲዮ ሥራ ክፍለ ጊዜ ሊያስወጧት እንደመጡ ሰላምታ ሳይጨርሱ ነገሩኝ። ጠብ ሲሸተኝ እግሬ አያርፍምና ተከትያቸው ገባሁ።

«መምህርት፣ ልጅቷን የላክናት ፊደል ልትቆጥር ነው ወይስ ስልክ ልትጎረጉር?» አሉ ጋሼ።

«ይቀመጡ እስቲ ጋሼ። መጎርጎሩንማ እቤትም አላጣችው። እዚህ የምትማረው አስባ መሥራትን ነው» አለች መምህርቷ።

ሚጣ አንገቷን እንደደፋች አያቷ ፀጉር ቤት የቀረጸችውን ከፈተች። ጋሼ አንድ ወጣት ላይ ጣታቸውን ቀስረው «አልሠራልህም፣ ተነሥ!» ይላሉ። ቪዲዮው እዚያው አበቃ።

«አዋረድሽኝ!» ጮኹ ጋሼ። «ልጁ ራሱ ላይ ቁስል ነበረበት እኮ! ጤና ጣቢያ የላክሁት ለሱው ብዬ ነው። ይህን ያየ ሰው ደጄን ይረግጣል?»

ሚጣ ሁለተኛውን ከፈተች። ጋሼ ጎንበስ ብለው ቁስሉን ያያሉ፣ ይቆጣሉ፣ ከዚያ እስከ በሩ ሸኝተው መንገዱን ያሳዩታል።

«አባባ፣ ቀረጻው አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ተቆርጦ ነው» አለች። «ቲቸር ‹ከመጀመሪያው ምን ጎደለ?› ብላ ጠየቀችን። የልጁን ፊት ደብቀነዋል፣ አላስፈቀድነውማ። አንተም ካልፈቀድክ ለማንም አይታይም።»

ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ድምፃቸውም ዝቅ አለ። እኚህ ሰው ምላጭ ጉሮሮዬ ላይ አሳርፈው እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አያውቁም።

«የዳቦ ቤቱ ጎረቤቴ ሠራተኛውን ሲገፈትር በስልክ ቪዲዮ አይቼ ሰላምታ ነፍጌዋለሁ» አሉ። «ምን ሆነህ ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም።»

«ጥፋተኛም ሊሆን ይችላል» አለች መምህርቷ። «ልጆቹን የምንላቸው ግን መጀመሪያ ጠይቁ ነው።»

እውነቷን ነው። ቪዲዮ እንዴት እንደሚሠራ በእጁ ሞክሮ ያየ ልጅ፣ ነገ ማንም ቆራርጦ ባመጣው ነገር አይሞኝም፤ ሰው ለማሳቅ ብሎም የሌላውን ስም አያጠፋም። እኛ ወላጆችም ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ብንማረው ደስ ባለኝ።

«ለወላጆች ሁለቱንም አሳዪያቸው» አሉ ጋሼ ሲነሡ። «መጥፎውን አስቀድሚ። ይስደቡኝና ይፈሩ!»

ሚጣን ክፍሏ ትተን፣ እኔም ልጄን ይዤ፣ ወጣን። ጋሼ ፀጉር ቤታቸውን አልፈው ቀጥታ ዳቦ ቤቱ ገቡ።

«ወንድሜ፣ የዚያን ቀን ምን ሆናችሁ ነው?»

ባለ ዳቦ ቤቱ እጁን በሽርጡ ጠረገ። «ማቡኪያው ማሽን የሠራተኛዬን እጅ ሊይዘው ሲል ነው የገፈተርኩት» አለ። «እስከ ዛሬ እኮ አንድ ሰው አልጠየቀኝም።»