በዘጠኝ ድምፅ የተሸነፈው ወንድም

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦቻችን፣ ከሐዲዱ ወዲህም ከሐዲዱ ማዶም የመጣችሁ ወገኖቼ፤ ፀሐዩ በርትቷል፣ አላቆማችሁም። ደግሞም ብሳሳት የምታርመኝን ዛሬ ልንቀብር ቆመናል።

እኔ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነኝ። ሠላሳ ዓመት አብረን ሠርተናል። አምስት ምርጫ አብረን ቆጥረናል፤ እሷ የጣቢያው ኃላፊ፣ እኔ መዝጋቢ። የሂሳብ አስተማሪ ነበረች። ልጆቹ «እትዬ ድገሙ» ይሏት ነበር። ለምን? መልሱ ትክክል ቢሆንም እንኳ «እስቲ ድገሙት» ትላለቻ! ስሙ ከክፍል ወጥቶ ሰፈሩን ሁሉ አዳረሰ።

የምርጫ ክልላችን ያኔ ምን ይመስል ነበር? ሐዲዱ ለሁለት የከፈለው ሰፈር ነበር። ማዶ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ወዲህ ባለሱቅና የቢሮ ሰው። በመጀመሪያው ምርጫ የማዶዎቹ ሰው አሸነፈ። እኛ የወዲህኞቹ ምን አልን? «ተሰረቅን!» አልን። ሰላምታ እንኳ ተነፋፈግን።

በሁለተኛው ምርጫ ከወዲህ በኩል ማን ቀረበ? ባለመድኃኒት ቤቱ፣ ወንድሟ። ይኸው፣ አጠገቤ ቆሟል። እናታቸው ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ያሳደገችው እሷ ናት።

የሌሎቹ ጣቢያዎች ውጤት ተለጥፏል። የቀረው የእኛ ብቻ ነው። የምርጫው ማግስት ጠዋት ነው፣ አራተኛ ክፍል ውስጥ ነን። የእኛን ከሌሎቹ ጋር ደመርኩ። ወንድሟ በአርባ አንድ ድምፅ ይመራል! ደጅ የቆመው ሕዝብ በመስኮት ሰምቶ ማጨብጨብ ጀመረ። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ እስክሪብቶዬን ከድኜ ተነሣሁ።

«ቁጭ በል፤ እንድገመው» አለችኝ።

«ኧረ ተይ፣ ወንድምሽ እኮ ነው ያሸነፈው!»

«ለዚህ ነዋ የምደግመው።»

ደገመችው። በወንድሟ ክምር ውስጥ የማዶው ተቀናቃኝ ሃያ አምስት ወረቀት በስህተት ታስሮ ተገኘ። ከወንድሟ ቀነሰች፣ ለሰውየው ጨመረች። ዘጠኝ ድምፅ። ወንድሟ በዘጠኝ ድምፅ ተሸነፈ። ወጥታ በራሷ አፍ ተናገረችው። ተመልሳ ገባችና የቀደመውን ድምር ከሰሌዳው አጥፍታ አዲሱን በጠመኔ ጻፈች፤ እኔ አይቻለሁ።

ወንድሟ አምስት ዓመት አላናገራትም። መንገድ ላይ ሲያያት ይሻገራል። አኩርፎ ነበር፤ ይኸው ራሱን እየነቀነቀ ነው። እሷስ? እሷ አንድ ቀን እንኳ አላማችውም። መድኃኒት የምትገዛው ግን ከእሱው ቤት ነበር፤ ሰው እየላከች።

ሦስተኛው ምርጫ መጣ። በር ስንከፍት ከሰልፉ ፊት የቆመው ማነው? እሱ! ጠረጴዛዋ ፊት ደረሰ።

«መታወቂያ» አለችው።

«እታለም! ያሳደግሽኝ ልጅ እኮ ነኝ!»

«እዚህ ወንበር ላይ ሆኜ አላውቅህም። እሑድ ለምሳ ቤት ና፣ ያኔ አውቅሃለሁ።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እሑድ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አንድም እሑድ ከምሳዋ አልቀረም።

ከዚያ በኋላ የምክር ቤቱ ወንበር ሁለት ጊዜ ሰው ቀይሯል። «ተሰረቅን» ያለ ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም። «ቆጣሪዋ እትዬ ድገሙ ናት» ከተባለ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። እነሆ፣ ያሸነፉትም የተሸነፉትም ዛሬ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ወንድሟ ፈቅዶልኛል። ባለፈው ሳምንት እሷ የተኛችበት ሆስፒታል ሄድኩ። እሱ ሾርባ በማንኪያ ያጠጣታል። ድንገት እጁን ያዘችው።

«ያኔ ድምፄን ለማን እንደሰጠሁ ታውቃለህ?»

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

«ለአንተ ነበር።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሚስጥር ነዋ!» አለችና ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ግንባሩን መዳፏ ላይ ደፍቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። እሷም በሌላው እጇ ፀጉሩን ስትዳብስ ቆየች።

እህቴ፣ ወዳጄ፣ ባልደረባዬ፤ የምትወጂውን ሰው ሳትከጂ እውነቱን ተናግረሻል። እኛ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ እንደሚቻል ከአንቺ አየን። በሰላም ሂጂ። ወንድምሽን አደራ እንዳትዪን፤ እሑድ ምሳ እኛ ጋ ነው።