በቆሎና ጣፋጯ እስክሪብቶ

«ይግቡ እንጂ እማማ ሰን፣ ደጅ ላይ ምን ያቆምዎታል? የዛሬው ሙቀት ደግሞ ጉድ ነው፣ ገና በጠዋቱ ልብስ ከሰውነት ላይ ይጣበቃል። ወገብዎ እንዴት አደረ? ...ውይ፣ የበቆሎን የልደት ሩዝ ይዘውልኝ መጡ? እድሜ ይስጥልኝ። እኔን ማስታወስዎ።»

ሉዋ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለች። በሳ ዴክ ከተማ ወንዝ ዳር፣ በዚችው ጠባብ ሳሎኗ ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልጅ ስታውል የኖረች ሴት ናት። እናቶች ጫማ ፋብሪካ ሲገቡ ልጆቻቸውን ያስረክቧታል፣ ሲወጡ ይወስዳሉ። እማማ ሰን ያቀፏት ትንሿ የልጅ ልጃቸው፣ ቤተሰቡ በቆሎ እያለ የሚያቆላምጣት፣ ከአራስነቷ ጀምሮ የሉዋ ነበረች። ከሁለት ወር በፊት ግን እናቷ «እዚህ እኮ ጨዋታ ብቻ ነው» ብላ ከመንገዱ ማዶ አዲስ ወደተከፈተው የልጆች ማዋያ ቤት ወሰደቻት። ሉዋ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ልጅቷን መልሳ ትፈልጋታለች። በዚያ ቤተሰብ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት እማማ ሰን መሆናቸውንም ታውቃለች። ግን አፍ አውጥታ ከምትለምን ምላሷ ቢቆረጥ ይቀላታል።

የዚያ ቤት ባለቤት፣ የማዶዋ ጎረቤት፣ በሯን ከፍታ ደጇን ትጠርጋለች። አንዱን ቦታ ስትጠርግ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ሉዋ ወደ በሩ ጠጋ ብላ ተቀመጠችና ድምጿን ከፍ አደረገች።

«የትናንቱ ድግስ እኮ ጣዕሙ አሁንም ከአፌ አልጠፋም። ትሪውስ ቢሆን? ማበጠሪያው፣ መስታወቱ፣ መቀሱ፣ እስክሪብቶው... እንዴት አምሮ ነበር። ልጅ አንድ ዓመት ሲሞላት መጀመሪያ ያነሳችው ነገር ነው ዕጣዋ፣ አይደል የምንለው? እንግዲህ እኔን የመሰለ ሰነፍ ይሄን ለዕድል ይተዋል። ሙያ ያለው ሰው ግን፣ እማማ ሰን... ዕድልንም ያስጠናል።

«ስም አልጠራም፣ ጨዋ ሰው ሲያመሰግኑት ያፍራል። ብቻ የእኔም በር ክፍት ነው፣ የእሷም በር ክፍት ነው፣ ዓይኔን የት ላድርገው? ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ያንን ትሪ ዘርግታ፣ እስክሪብቶዋን ጣፋጭ የጣሳ ወተት ውስጥ ነክራ፣ ‹ነይ የኔ ዶክተር፣ አንሺ› ስትል... ልጅቷ ትድሃለች፣ ታነሳለች፣ ትልሳለች። ፎቶ። እንደገና ነከር፣ እንደገና ፎቶ። ምራትዎ ፋብሪካ ሆና ስልኳ ላይ እያየች፣ ልጄ እስክሪብቶ ወደደች ብላ በደስታ ታለቅስ ነበር አሉ። እንዲህ ያለ ትጋት የት ይገኛል? እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳውል አንዱን እንኳ እስክሪብቶ አስልሼው አላውቅም። ዕውቀት የለኝማ።

«ታዲያ ያ ምስኪን አጎቷ ትናንት አዲስ እስክሪብቶ ከሱቅ ገዝቶ ይመጣል? ደረቅ። ወተት የሌለው። ማን ነግሮት ይወቅ?»

እማማ ሰን አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ሳቅ ይሁን ማዛጋት ሉዋ እርግጠኛ አልሆነችም፣ ግን ልቧ ሞቅ አለ።

«ልጅቷ ግን አላሳፈረቻትም። ያስተማረቻትን ነው አንድ በአንድ የሠራችው። ማበጠሪያውን ላሰች። መስታወቱን ላሰች። መቀሱንም እናቷ ባትነጥቃት... እስክሪብቶው ጋ ስትደርስ እኔ ትንፋሼ ቆመ። አነሳች፣ ላሰች፣ ገልብጣ በሌላ በኩል ላሰች፣ ከዚያ ባለቤትዎ ራሰ በራ ላይ ወረወረችው። ደግሞ ማነጣጠሯ! ያን ሁሉ እንግዳ አልፋ እየዳኸች አስተማሪዋ ጭን ላይ ወጣችና አሥር ጣቶቿን በየተራ መጥባት... ይሄ ፍቅር ካልሆነ ምን ይባላል? ባለቤትዎ ‹ይቺ ልጅ ስታድግ ወጥ ቀማሽ ነው የምትሆነው› ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። ሳል ነው የያዘኝ።

«እኔ ጋ ሳለችማ ምን ተማረች? ውሃ። ከአንዱ የኮኮናት ቅርፊት ወደ ሌላው ውሃ መገልበጥ። ይሄም ትምህርት ሆኖ? አንድ ወር ሙሉ ወለሉ ላይ አፈሰሰች። አንድ ቀን ግማሹ ገባላት... ዞር ብላ አየችኝ። እንዴት እንዳየችኝ፣ እማማ ሰን። ፎቶ እንኳ አላነሳኋትም። እጄ ርጥብ ነበር፣ አብሬያት እየገለበጥኩ።»

እዚህ ላይ የሉዋ ድምፅ ተሰበረ። ይሄን ለማለት አላሰበችም ነበር፣ ነገሩ አምልጧት ነው። አፍራ የሩዙን ሳህን ክዳን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

እማማ ሰን በቆሎን ምንጣፉ ላይ አወረዷት። ከቅርጫታቸው የልጅቷን ቅያሪ ልብስ አወጡ፣ ሽንት ጨርቋን አወጡ፣ ጥግ ላይ ደረደሩ። ባዶ ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው ወደ ገበያ ለመሄድ ተነሱ። ሉዋ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ልጅቷን ብድግ አድርጋ አንገቷ ሥር ሳመቻት። ግን ሉዋ ሉዋ ናት፣ የጀመረችውን ሳትጨርስ አታድርም። ልጅቷን እንዳቀፈች እስከ ደጁ ሸኘቻቸው። ማዶ መጥረጊያው ቆሟል።

«በሉ በደህና ይዋሉ እማማ ሰን። በማንም እንዳይቀየሙ አደራ፣ እኔም ቂም የለኝም። እንዲያውም እመርቃታለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጣት። ቤቷ በልጅ ይሙላ። አርጅታ፣ ጉልበቷ ከድቷት፣ ጉርሻ እንኳ በሰው እጅ ስትጠብቅ... እነዚሁ ያሳደገቻቸው ልጆች ይጡሯት። ልክ እሷ እንደያዘቻቸው አድርገው ይያዟት።»