ወንዝ የለንም
ክረምቱ ሲወጣ፣ ስማዳ ላይ የእኔንና የጎረቤቴን የአያ ተገኘን እርሻ የሚለየው ወንዝ መንገዱን ቀየረና ከማሳዬ አንዲት ቁራጭ ወደ እሱ ማዶ ቀረች። «ወንዙ ሰጠኝ» አለኝ። «ወንዝ ርስት አያወርስም» አልኩት። ተካሰን እዚያው ወንዝ ዳር ወዳለው ጭቃ ሹሙ ቤት ሄድን። እዚያ መሬት ሊቀይስ የመጣ አንድ መስኮብ፣ የሩሲያ ፈረንጅ፣ አርፎ ኖሮ፣ ጭቃ ሹሙ «ጌታው፣ በእርስዎ አገር ወንዝ ድንበሩን ሲስት ምን ትላላችሁ?» ብለው ጠየቁት።

«አገሬ የመስኮብ ምዕራብ ዳርቻ ነው» አለ። «ምድሩ እንደ አውድማ ሜዳ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ እንደ ሰከረ ሰው ወደፈለገበት ይሄዳል። ማዶው ደግሞ ሌላ መንግሥት ነው። ገበሬዎች ሲጣሉ መሬቱን ሹሙ ይወስደዋል፤ ጠቡም ያልቃል።»

የጭቃ ሹሙ ዓይን በራ። «እንዴት ያለ መልካም ሕግ ነው! በሉ፣ ቀላዱን አምጡና እንለካው።»

እኔና አያ ተገኘ ተያየን።

«የምን ወንዝ?» አለ እሱ ቀድሞኝ። «እኛ ዘንድ ወንዝ የለም!»

«ተጣልተንም አናውቅ» አልኩ።

«ታዲያ ከጓሮ የሚጮኸው ምንድን ነው?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«ነፋስ ነው» አልን በአንድ አፍ።

ይኸው እስከ ዛሬ በዚያ ነፋስ ዳር ያለችውን ቁራጭ ተራ ገብተን እናርሳታለን።