ግድግዳውን ያራሰው ማን ነው?

ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ በዚያ ዘመን ጅቡቲ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ አስተርጓሚ ነበርሁ። አንድ ሐሙስ ጧት በማዕከላዊ ገበያ ሳልፍ ጋሽ ባንቲሁንን ኖራ ሲገዙ አገኘኋቸው። እኒህ ሰው በሐዲድ ሥራ ያረጁ፣ ጨዋና ጸሎተኛ ናቸው፤ ነገር ግን አንዴ ያመኑትን ነገር በሬ ጎትቶም አያስለቅቃቸው።

ሰላምታ ተሰጣጥተን ኖራው ለምን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው ፊታቸው ጠቆረ። ከፋሲካ ወዲህ የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ከሥሩ ይርሳል፤ ሁለት ጊዜ አስለስነውት ልስኑ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ጥፋተኛዋን ግን አውቀዋታል። ከግድግዳው ማዶ የምትኖረው የሐረሯ ጀዋሪያ ናት። አሮጊት እናቷ እማማ ጠይባ የመጡት በዚያው በፋሲካ ሰሞን ነው፤ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ሲታጠቡ ውሃው ግድግዳው ሥር ይወርዳል። ጋሽ ባንቲሁን ይህንኑ መጀመሪያ ለራሷ፣ ኋላም ለቤቱ ጌታ ነገሩ። የሁለቱም ቤት ጌታ አንድ ሰው ነውና፣ ጀዋሪያ እስከ ቅዳሜ ቤቱን እንድትለቅ አዘዛት።

በሁለት ቀን አሮጊት እናቷን ይዛ የት ትገባለች? ብዬ አዘንሁ። ግድግዳውን እንዲያሳዩኝ ለምኜ አብሬያቸው ካርቲየ 4 ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሄድሁ።

እርጥቡ ልስን ላይ ጣቴን አሽቼ ቀመስሁት፤ ጨው ጨው አለኝ።

«ጋሽ ባንቲሁን፣ ጀዋሪያን በከንቱ አምተዋታል» አልሁ በኩራት። «ይህ ከመሬት ሥር የሚመጣ የባሕር ውሃ ነው።»

«ልጄ» አሉኝ ረጋ ብለው፣ «ቤቱ የተሠራው ከባሕር በወጣ ድንጋይ ነው። ደረቁንም ብትልሰው ጨው ነው።»

ደረቁን ቀመስሁት፤ እውነትም ጨው ነው። አፈርሁ፤ የተማርሁት ሁሉ ተምታታብኝ። ጨውነቱ ለባሕሩ ማስረጃ አይሆንም፤ ዝናብ ካየን ወራት አልፏል፤ ታዲያ እውነትም ጀዋሪያ ናት እንዴ? ይህን ሳሰላስል ከማድቤቱ የቧንቧ ውሃ ሲንጠባጠብ ሰማሁ።

«ይህ ውሃ ከየት ይመጣል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ጣራው ላይ ካለው በርሜል ነዋ።»

«በየት በኩል ይወርዳል?»

ጋሽ ባንቲሁን ወደ ላይ አዩ፤ ወደ ታች አዩ። ዘጠኝ ዓመት ኖረውበት ቧንቧው የት እንዳለ አያውቁም። ቤቱን የሠራው ሰው ግድግዳው ውስጥ ቀብሮ በልስን ሸፍኖት ኖሯል።

በማግሥቱ ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ በሚያርፍበት ሰዓት፣ ጣራ ወጣን። ወደ በርሜሉ የሚገባውን ውሃ ዘግተን፣ የውሃውን ልክ በከሰል ምልክት አድርገን፣ የማድቤቱን ቧንቧ ጠብታው እስኪቆም አጥብቀን፣ ማንም እንዳይከፍተው ተማማልን። ከሁለት ሰዓት በኋላ ብናይ ውሃው ሦስት ጣት ጎድሏል። ደስ ብሎኝ «አዩ!» ብል ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የጅቡቲ ፀሐይ ጠጥታው ነው።»

አባባላቸው የሚያሳምን ነበር። ኋላ ግን አንድ ሰፊ ሳፋ ውሃ ሞልተን ከበርሜሉ አጠገብ አስቀመጥንና በሁለቱም ላይ ምልክት አደረግን። ፀሐይዋ ለሁለቱም አንድ ናት፤ ከጠጣች ከሁለቱም እኩል መጠጣት አለባት። ከሌላ ሁለት ሰዓት በኋላ ሳፋው የክር ውፍረት ያህል ጎደለ፤ በርሜሉ ዳግመኛ ሦስት ጣት።

ጋሽ ባንቲሁን ከሳፋው ወደ በርሜሉ፣ ከበርሜሉ ወደ ሳፋው ደጋግመው ተመላለሱ። «ታዲያ ከእኔው ቤት ነው የሚጠፋው?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ዘነዘና አስመጥቼ አንዱን ጫፍ ግድግዳው ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥሁ። ከታች፣ እርጥቡ ዘንድ፣ ምንም የለም። ዘነዘናውን ወደ ላይ ሳወጣ ግን ሽሽ የሚል የውሃ ድምፅ እየጎላ ሄደና የእመቤታችን ሥዕል ከተሰቀለበት ላይ አደረሰኝ። ጋሽ ባንቲሁን ተሳልመው ሥዕሉን አወረዱት። ለፋሲካ ራሳቸው የመቱት ረጅም ምስማር አለ። ዙሪያውን ስንፍቀው የእርሳሱን ቧንቧ ወግቶ ገብቷል፤ ውሃው በምስማሩ ዳር እየሾለከ በግድግዳው ሆድ ውስጥ ወርዶ ሥሩ ላይ ይወጣል።

«በምሥራቅ በኩል ልስቀላት ብዬ ነው» አሉ።

ቧንቧ ጠጋኝ እስኪመጣ ድረስ እንደ ልማዴ ብዙ አስረዳኋቸው፦ እርጥብ ነገር ባዩ ቁጥር አስቀድሞ የራስን ቧንቧ መመርመር፣ በርሜሉን በወር አንድ ጊዜ በከሰል መለካት፣ ምስማር ከመምታት በፊት ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ ማወቅ ይገባል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ውሃው አይባክንበትም፣ ግድግዳው ተኝቶ ሳለ አይወድቅበትም። ሁሉንም አመኑልኝ። ከዚያም ወደ ቤቱ ጌታ ሄደው ክሳቸውን አነሡ፤ ሰውዬውም ትእዛዙን ሻረ። ቀጥለንም ሁለታችን ጀዋሪያ ደጃፍ ደረስን።

ዕቃዋ በገመድ ታስሮ በር ላይ ተከምሯል። ጋሽ ባንቲሁን ባርኔጣቸውን አውልቀው ስለ ምስማሩ ሳይደብቁ ተናገሩና «በድዬሻለሁ» አሉ።

ጀዋሪያ አልተቆጣችም። «ጋሼ፣ እናቴ ግድግዳዎን እንዳራሰች የነገሩኝ ዕለት ቤት ውስጥ መታጠብ ተወች» አለች። «በዚያ በሚያማት ጉልበቷ የመታጠቢያ ኩስኩስቷን ይዛ መንገድ ዳር ድረስ ትወጣለች፤ በቀን አምስት ጊዜ። ዛሬ ሃያ ሁለት ቀኗ ነው። በዚህ ሁሉ ቀን ግድግዳው ደርቆልዎ ነበር?»

«ምነው አልነገርሽኝ?»

«አልጠየቁኝማ።»

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ጣራ ስወጣ፣ ዘነዘና ሳስመጣ፣ ይህችን ሴትዮ አንዲት ቃል ልጠይቃት በሐሳቤም አልመጣ። ብጠይቃት ኖሮ የሁለት ቀኑ ጥያቄዬ በአንድ ጊዜ ይፈታ ነበር።

ጋሽ ባንቲሁን «ሃያ ሁለት ቀን» አሉ ለራሳቸው። ከዚያም ተንበርክከው የዕቃውን ገመድ ይፈቱ ጀመር። ቋጠሮው እንቢ አላቸው፤ እኔም አጠገባቸው ተንበርክኬ አገዝኋቸው።