የፀጉር አስተካካዩ የመድኃኔ ጥም

አባቶቼ ካህናት፣ እናቶቼ፣ የዕድራችን ዳኛ፣ ከቀበሌ የመጣችሁ ጓዶች፣ የድልድዩ ሰፈር ሰዎች ሁላችሁ፤ ፈጣሪ ያጽናን። ሽኩር ነኝ። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ባለችው ፀጉር ማስተካከያ ከመድኃኔ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ቆሜ ሠርቻለሁ። ተናገር ያለችኝ ባለቤቱ ለተክርስቶስ ናት። እምቢ ልላት አልቻልኩም።

መድኃኔን የማያውቅ ማነው? እዚህ ከቆማችሁት በእሱ እጅ ያልተላጨ ማነው? ቀበሌ ተጠርታችሁ፣ ፊታችሁ አመድ መስሎ ስትመጡ፣ አገጫችሁን ቀና አድርጎ፣ «ተላጭቶ የሄደ ሰው የፈራ አይመስልም» ይላችሁ ነበር።

አምና ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙ። ማክሰኞና ዓርብ ሆስፒታል እየሄደ ደሙ በማሽን ይታጠብ ጀመር። ማሽኗ አንዲት ናት፤ ተራ ጠባቂው ብዙ ነው። በታጠበበት ዕለት ግድግዳ እየተደገፈ ይመለሳል። በማግስቱ ግን ሰው ይሆናል፤ መቀስ ይይዛል፣ ይቀልዳል። እሑድና ሰኞ ደግሞ ፊቱ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ገላው እያሳከከው እንቅልፍ ያጣል። በደህናው ቀን እንዴት ነህ ስንለው፣ «እኔ የምኖረው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ዛሬ አንዱ ነው፤ አታባክኑብኝ» ይለናል።

አንድ ረቡዕ በዚያች ቀኑ ምን አደረገ? ምላጭና ሳሙናውን ይዞ ሆስፒታል ተመለሰ። አብሬው ነበርኩ። ተራ የሚጠብቁትን ሕመምተኞች አንድ በአንድ ላጫቸው። አንድ ሽማግሌ ከእንግዲህ ተላጭቼ ለማን ብለው እምቢ አሉት። «ለሐኪሙ፣ አባባ። ሲያልፍ ሰው እንዳለ ይይ» አላቸው። ሳቁ። ቅዳሜ ስንሄድ አልጋቸው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል።

ከሁሉ የከፋው ጥሙ ነበር። በቀን ከሁለት ብርጭቆ ውሃ በላይ ተከልክሏል። የጠጣው መውጫ የለውማ፤ ሳንባው ላይ ይተኛል። እኔ የደንበኛ ፀጉር ሳጥብ እሱ ፊቱን ያዞር ነበር።

ያለፈው ዓርብ የማሽኗ ማጣሪያ አልቋል፣ ማክሰኞ ተመለሱ ተባለ። ሰኞ ቤቱ ሄድኩ። ሁለቱን ብርጭቆ ጨርሷል። እጄን ያዘኝ።

«ሽኩር፣ አንድ ጉንጭ።»

ነገ ስትታጠብ እሰጥሃለሁ አልኩት። እንደ ሕፃን አባበልኩት። ዓይኑን ከፊቴ ላይ አላነሳም። ማክሰኞ ማጣሪያው አልመጣም። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ዐረፈ።

ብሰጠው ምን ነበር? አንድ ጉንጭ ምን ታመጣ ነበር? ከዚያ ወዲህ ቧንቧ ስከፍት እጁ እጄ ላይ አለ። ዛሬ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ነው የመጣሁት።

ትናንት ይህን ለለተክርስቶስ ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። «እኔም ማክሰኞ ከልክዬዋለሁ» አለችኝ።

መድኃኔ፣ ወንድሜ፤ የከለከልንህ እንድትኖርልን ብለን ነበር። ያን ዕለት ይህን ልነግርህ አፌ አልታዘዘልኝም። አሁን በሰው ሁሉ ፊት እነግርሃለሁ፤ መስማትህን ግን አላውቅም። ደህና ሁን። አፈሩ ይቅለልህ።