ከአስራ አራት ቁጥር የወሰድነው ኳስ

ክቡራትና ክቡራን፣ የዚህ አዳራሽ ባልደረቦቼ፣ አለቃችን ሙዲሩም ጭምር፣ አሰላሙ አለይኩም።

ይህን የመሸኛ ምሳ ያሰናዳችሁልኝን ሁሉ አላህ ያክብርልኝ። ፋጤ ከማለዳ ጀምራ የመንዲውን ሥጋና ሩዝ ስትጠብቅ ነው የዋለችው። ሽታው እዚህ ድረስ ስለሚመጣ ይህ ኑሩ ንግግሩን ቶሎ ይጨርሳል ብላችሁ ተስፋ አድርጋችኋል። ተስፋችሁን ልቁረጠውና፣ ዛሬ የምናገረው አለኝ።

ጀማሉዲን፣ ለሙዲሩ በዓረብኛ የምትተረጉመው አንተ ነህ። አደራህን፣ እንደ ልማድህ ማር አትቀባው። ባለፈው እኔ "ማጽጃው እጃችንን ላጠው" ስል አንተ "ሹክረን፣ አመሰግናለሁ ይላል" አልከው። ዛሬ የምለውን ብቻ በል።

እኔ ከየመን ድንበር በአል-ሙወሰም በኩል ሳውዲ በእግሬ የገባሁ ሰው ነኝ። ዳማድ ላይ አራት ዓመት የሰው ፍየል ጠብቄአለሁ። በስንት መከራ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሲወጣልኝ ነው እዚህ መጥረጊያ የያዝኩት። ወለሉን እየወለወልኩ ዓይኔ ከቅርጫት ኳሱ አይነቀልም ነበር። የቁጥር ሥራውን የሚመራው ኡስታዝ አንድ ቀን ኳሱን ማን እንዳቀበለ ጠፍቶበት ሲጨነቅ፣ እኔ መጥረጊያዬን ተደግፌ ነገርኩት። መቶ ሠላሳ ፍየል የቆጠረ ሰው አሥር ተጫዋች ያቅተዋል እንዴ? ከዚያ ወዲህ እኔ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ የማልያውን ቁጥርና ማን እንዳገባ፣ ማን እንዳቀበለ እጠራለሁ፣ ሚኪ ኮምፒውተሩ ላይ ይመዘግባል። "ሰባት፣ ሁለት ነጥብ። አምስት፣ አሲስት።" ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ጠራሁ።

አሁን ስጦታችሁን ገለጥኩት። በመስታወት የተቀመጠ ወረቀት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ሻምፒዮኑን ክለብ ሰማንያ አንድ ለሰባ ዘጠኝ የረታንበት ጨዋታ ቁጥር። እዚያ በሩ አጠገብ ከተሰቀለው ጋር አንድ ነው። ደስ ይለዋል ብላችሁ ነው፣ አውቃለሁ፣ አልቀየማችሁም። ግን ሳየው ደሜ ፈላ። ይህ ወረቀት ውሸታም ነው! ውሸቱ ሲገባ ደግሞ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነበር።

እስቲ አንብቡት። ካፒቴኑ፦ ሃያ ሁለት ነጥብ፣ አሥራ አንድ አሲስት፣ አሥር ሪባውንድ። በሦስቱም ሁለት አሃዝ። በዚህ አዳራሽ ታይቶ አይታወቅም ተብሎ ተወራለት። ጎበዝ ሰው ነው፣ እሱ የጠየቀው ነገር የለም፣ እስከዛሬም አያውቅም። የያዘው ሪባውንድ ግን ዘጠኝ ነው።

ፊሽካው ሲነፋ ሰው ሁሉ ሜዳ ገብቶ ሲጨፍር፣ ሙዲሩ ወደ ጠረጴዛችን መጣ። ካፒቴኑ ስንት ይዟል አለ። ዘጠኝ አልኩት። አሥር አድርጉት አለ። ሚኪ ምስኪኑ፣ አይሆንም፣ ኮምፒውተሩ እሺ አይልም ብሎ ሊያስረዳው ሞከረ። ሪባውንድ ማለት ስቶ የተመለሰውን ኳስ መያዝ ነው፣ የሳተው ኳስና የተያዘው እኩል መሆን አለበት፣ ለአንዱ ከጨመርክ ከሌላው ትቀንሳለህ። ሙዲሩ ጣቱን ወረቀቱ ግርጌ ላይ አሳረፈ።

"ከዚህ ውሰዱ። አንድ ነው እኮ። አንድ ምንድን ነው?"

ጀማሉዲን፣ ዝም አልክ እኮ! ተርጉም። ራሱ የተናገረውን ነው የምትነግረው።

ግርጌው ላይ የነበረው አስራ አራት ቁጥር ነው። አራት ደቂቃ ተጫወተ፣ ዜሮ ነጥብ፣ ዜሮ አሲስት፣ አንድ ሪባውንድ። ዓመቱን ሙሉ ወንበር ሲያሞቅ ከርሞ፣ ሁለቱ ረጃጅሞች በፋውል ሲወጡብን ነው የገባው። ያ አንዱ ኳስ የትኛው መሰላችሁ? የመጨረሻው ነው! ሁለት ሰከንድ ሲቀር እነሱ ወረወሩ፣ ሳቱ፣ ከሦስት ሰው መሀል ዘሎ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ለጠፈው። ያ ኳስ አምልጦ ቢሆን ዛሬ በመስታወት የሚቀመጥ ወረቀት አይኖርም ነበር። ቴሌቪዥን አልመጣም፣ ስልክ የያዘውም ሁሉ ሰዓቱን ነበር የሚቀርጸው። የቀረው ምስክር የእኔ ዓይን ነበር። ሚኪ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ "ቀይረው" አልኩት።

በዓመቱ መጨረሻ ውል ሲታደስ ወረቀቱ ተከፈተ። አስራ አራት፦ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ኸላስ፣ በቃ ተባለ። ሌላ ጨዋታ አልተጫወተም።

ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የመጋዘናችን ሙሐረም ነው፣ ያው እዚያ በሩ ጋ ቆሟል። የወሎዋ የሰዓዴ ልጅ። እናቱ ዳማድ ላይ ለጎረቤት ሁሉ "ልጄ ነው ኳሷን የያዘ" ስትል፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ወረቀቱን አሳያት። ዜሮ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ጨዋታ አንስታ አታውቅም። እሱ ደግሞ በየቀኑ ኳስና መረብ ተሸክሞ ወረቀቱ በተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ያልፋል።

አንድ ቀን መጋዘን ውስጥ ብቻችንን ስንሆን ጠየቀኝ። "አያ ኑሩ፣ ያን ቀን የምትጠራው አንተ ነበርክ። ኳሱን ይዤው ነበር ወይስ እንዲያው መስሎኝ ነው?" አለኝ። የገዛ እጁን መጠራጠር ጀምሮ ነበር። እኔ ምን አልኩት? "ወረቀቱ እንደሚለው ነው" አልኩት። እንዲህ ያልኩበት ምላሴ ምነው በተቆረጠ።

ለምን ዝም አልክ ትሉኝ ይሆናል። ኢቃማዬ የማን መሳቢያ ውስጥ ነበር? የእናንተስ የማን መሳቢያ ውስጥ ነው? ፈራሁ፣ ይኸው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። እዚህስ የሚሄደው ራሱ ውሻው ነው። የመጨረሻ መውጫ ቪዛዬ ተመትቶ፣ ቲኬቴ ኪሴ ገብቶ ነው አፌ የተፈታው። ለዚህ አታጨብጭቡልኝ።

ሙዲር፣ ይቀመጡ እንጂ፣ መንዲው ገና አልቀረበም። "አንድ ምንድን ነው" ብለውኝ ነበር፣ መልሱን ሳልሰጥዎት አልሄድም። ካፒቴኑ ያ አንድ ባይኖረውም ካፒቴን ነው። ሙሐረም ግን የነበረው ያ አንድ ብቻ ነው። ሙሉው ነው!

እናንተም እንደ አገር ቤት ልማድ ከመንገደኛ ጋር አፉ፣ ይቅር ለመባባል ነው የተሰበሰባችሁት። ግን የወሰድኩትን ሳልናገር አፉ በሉኝ ብል ምን ዋጋ አለው? የሰው ሐቅ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ የእናቴን ደጃፍ አልረግጥም።

ቤቲ፣ ያን እስክሪብቶ አቀብይኝ። ወረቀቱንም ከመስታወቱ አወጣሁት። የእኛ ሥራ ስህተት ሲያርም አይፍቅም፣ በአንድ መስመር ሰርዞ አጠገቡ ይጽፋል፣ ይፈርማል። ካፒቴን፣ ዘጠኝ። ግርጌው፣ አንድ። ፈረምኩ። የሪባውንዱ ድምር አርባ አንድ ነበር፣ አሁንም አርባ አንድ ነው። ድሉም አልተነካም። ምን ጎደለብን?

ይህ ስጦታ የእኔ አይደለም። ሙሐረም፣ ና ወንድሜ፣ ውሰድና ለእናትህ አሳያት። በሩ አጠገብ የተሰቀለውንም እንድታርሙት አደራ የምለው ለእናንተ ነው፣ እኔ ስሄድ አትርሱት።

ፋጤ፣ እጅሽ አይድከም። ሚኪ፣ የመዘገብከው ሁሉ በደስታ የምታነበው ይሁንልህ። ሁላችሁንም አላህ ሥራችሁን ከሚያይ፣ ያየውንም ከማይክድ ሰው ጋር ያውላችሁ። ወረቀታችሁ በእጃችሁ ይግባ፣ አገራችሁን በጤና ያግባችሁ። ሙዲር፣ ለእርስዎም ልብ ይስጥዎ። ጀማሉዲን፣ ይችንም ተርጉም።

ሙሐረም፣ ኳሱን ስለወሰድኩብህ አፉ በለኝ። እጅህን እንድትጠራጠር ስላደረግኩህ ደግሞ ለብቻው አፉ በለኝ። ካልሆነልህም አልቀየምህም። የቀረኝን አንድ ጥሪ ግን እጠራለሁ፣ ሚኪ፣ ጣትህን አዘጋጅ።

አስራ አራት፣ ሪባውንድ።