የመሪጌታ ቀለመ ወርቅ ክኒን

— ሄሎ! ... አዎ፣ የአጥንት በሽተኞች ክፍል ነው። ... ነርስ ፈትለወርቅ ቀለመ ወርቅ? እኔው ነኝ። ... ከየት? ከንፋስ መውጫ? ... ያገናኙኝ እባክዎ፣ ቶሎ ያገናኙኝ!

— ሄሎ! ... ማነው? ጮክ በል፣ ይንሿሿል። ... ይሁኔ? ወንድሜ፣ አንተ ነህ? ... እኔ ደህና ነኝ፣ እኔን ተወኝ። ከአገራችን ከቤተ ልሔም ንፋስ መውጫ ድረስ ምን አመጣህ? ... ሰላምታው ይቆየን ይሁኔ፤ አባባ እንዴት ናቸው?

— ታመሙ ማለት? ታመውማ ነበር እዚህ ሆስፒታል የመጡት። ቁርጥማቱ ነው ወይስ ሌላ? ... አፍህ ውስጥ አታላምጠው፣ ተናገር!

— እህ... እህ... ጉልበታቸው እንደገና አበጠ። እጃቸውስ? ... ጣታቸው አልዘረጋ አለ። ከመቼ ወዲህ? ... ከጾሙ ወዲህ። ቆይ፣ በፋሲካ ማግስት ከዚህ ሲወጡ በእግራቸው ነበር እኮ የወጡት! እማማስ በበዓለ ሃምሳ፣ መቋሚያቸውን በገዛ እጃቸው ጨብጠው ማኅሌት ቆመው አደሩ ብላ አላስጻፈችልኝም?

— ትሰማኛለህ? ... እንዴት ነው የተኙት? ... በጀርባቸው። ከጉልበታቸው ሥር ምን አድርጋችሁላቸዋል? ... ትራስ! አውጡት! ... ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ። ግን ታጥፎ የሰነበተ ጉልበት እንደታጠፈ ነው የሚቀረው፣ ኋላ ልዘርጋው ቢሉ እሺ አይልም። እግራቸው ቀጥ ብሎ ይተኛ። ከሥራቸው ያለው ደረቁ ቆዳ፣ ጀንዲው ብቻ ነው? ... አጎዛ አንጥፉላቸው፣ ጠጉሩ ወደ ላይ ይሁን። ስትገለብጧቸው ክንዳቸውን አትጎትት፤ አንተ ከትከሻቸው፣ እማማ ከዳሌያቸው ሆናችሁ፣ እኩል። ጀርባቸው ላይ የቀላ ቦታ የለም? የተላጠ? ... ተመስገን።

— ሌላስ? ... ያስመልሳቸዋል? የቀመሱትን ሁሉ? ... ቀና ሲሉስ? ... ዓይናቸው ይጨልማል፣ ይወድቃሉ። ... ላብስ? ... ቀዝቃዛ ላብ። ሲጠሯቸው ይመልሳሉ? ... የደቀ መዝሙራቸውን ስም ረሱ? አባባ? ያን ሁሉ ድጓ በቃላቸው የያዙት ሰው? ... እሺ። እሺ፣ ቆይ።

— (ዓለምጸሐይ! አልጋ ሰባት ነው የሚጮኸው፤ እግሩ ላይ የተንጠለጠለውን ክብደት እንዳታወርጂለት! ይለምንሻል፣ በሚካኤል ይልሻል፣ እንዳትሰሚው። አጥንቱ የተገጠመው በዚያ ነው። ... መጣሁ አልኩሽ!)

— ሄሎ፣ አለህ? አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ። ክኒኑን ይውጣሉ? ... ነጩን፣ ትንሹን። ... አቆሙት? ማን አስቆማቸው? ... ራሳቸው! ከመቼ? ... ከጾሙ መግቢያ፣ ከሰኞ ጀምሮ። ዛሬ ዘጠኝ ቀን። ... አንዲትም? ... እግዚኦ!

— አይ አይ፣ አንተ አታውቅም። ያ ክኒን በአንድ ጊዜ አይቆምም! ዶክተሩ ሲያስረዳቸው አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። የገዛ ደማቸው ነው ገላቸውን እንደ ጠላት ቆጥሮ መጋጠሚያቸውን የሚበላው፤ ክኒኑ ያንን ደም ያስታግሰዋል። ሳቁ እኮ! «የወለደኝ ደም እኔን ካላወቀኝ እንግዲህ ማን ያውቀኛል» ብለው ክፍሉን በሙሉ አሳቁት። ... አዎ፣ እሱው ክኒን። ሰውነታቸው ለምዶታል፤ ድንገት ሲነጠቅ አቅም ያጣል፣ ልብ ይደክማል፣ ሰው እንደ ሻማ ይቀልጣል። የምትነግረኝ ሁሉ እሱ ነው። ... አልጮህኩም። ... አልጮህኩም አልኩህ!

— ክኒን ጾም ያስገድፋል ያላቸው ማነው? ... እንዲያ አላሉም? ታዲያ ምን አሉ? ... ወተት? የምን ወተት?

— ሰምቼሃለሁ። እስቲ ድገምልኝ፣ እንዳሉት አድርገህ። ... «ፈትለወርቅ በወተት ይዋጥ ብላለች። ወተት በሐዋርያት ጾም አይነካም። እንግዲህ ክኒኑም እስከ ሐምሌ አምስት ይቆይ።» ... እንዲህ አሉ?

— ሆዳቸውን እንዳይልጠው ብዬ ነው እኮ! በባዶ ሆድ እንዳይውጡት ብዬ! ያኔ ፋሲካ ነበር፣ ላሟ ወልዳለች፣ ወተት ሞልቷል። ጾም ይመጣል ብዬ መች... የመሪጌታ ልጅ ሆኜ! በዳዊትና በጸሎት ቤት አድጌ፣ ከሃምሳ ቀን በኋላ ጾም እንደሚገባ ጠፋብኝ!

— አዎ፣ በውሃም ይሆናል። በአጥሚትም፣ በቁራሽ ዳቦም። ብቻ ሆዳቸው ባዶ አይሁን። እማማ የገብስ አጥሚት ቀጠን አድርጋ ትሥራ፤ ጨው ደህና አድርጋ ትጨምርበት፣ ጨው ያስፈልጋቸዋል። በዚያ ይዋጡ። ቢያስመልሳቸው ትንሽ አሳርፋችሁ ድገሙላቸው። ... ዘጠኝ ሰዓት ጠብቁ የሚባል ነገር የለም! አባ ወልደ ገብርኤል አይደሉም የንስሐ አባታቸው? እሳቸው ይፍቷቸው። ... ፈተዋቸዋል? ለበሽተኛ ጾም የለም ብለው ፈተዋቸው አባባ እምቢ አሉ? ... ለምን?

— «ጾሜን አልሽርም፤ ልጄ ካዘዘችውም ግማሹን ይዤ ግማሹን አልጥልም።» ... አይ አባባ። ድጓ አደረጉት? አንዲት የዜማ ምልክት የሳተውን ተማሪ ከመጀመሪያው እንደሚያስጀምሩት?

— እንግዲያው ዶክተሩ ነው ያዘዘው በላቸው። ... ዶክተሩን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም? ... አዲስ ትእዛዝ መጣ በል። ምንም በል፣ ብቻ ይዋጡ! ... እኔ ምን ብዬ? ... ተሳሳትኩ ብላለች ልትላቸው? ... አይሆንም። እኔ ኋላ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ ዓይናቸውን እያየሁ። አሁን አንተ ዶክተሩ ብሏል በል። ... ነገሩን አታርዝምብኝ ይሁኔ፣ ጊዜ የለም!

— ስንት ክኒን ቀርቷል? ... እንዴት በግምት ይነገራል? ... ምንድነው የሚንኳኳው? ... ይሁኔ። ጆሮዬ ላይ የሚንኳኳው ምንድነው?

— ብልቃጡ እጅህ ላይ ነው?

— የመድኃኒቱን ስም ላንብብላት ብለህ ይዘኸው መጣህ። ... የእንግሊዝኛውን ፊደል። ... ከቤትስ? ለእማማ አንዲት እንኳ አልተውክላትም? ... አይ ወንድሜ! መድኃኒቱ ንፋስ መውጫ፣ በሽተኛው ቤተ ልሔም! ... አታልቅስ። አንተ ምን ታውቅ ነበር። አታልቅስ ብዬሃለሁ፣ ስማኝ!

— መቼ ነው የወጣኸው? ... በዶሮ ጩኸት። አሁን ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ሩጥ! በቅሎ ለምን፣ ያገኘኸውን ሰው ሁሉ ለምን። ዝናቡ ሳይወርድ፣ ወንዙ ሳይሞላ ተሻገር። ብልቃጡን ብብትህ ሥር እሰረው፣ ውሃ እንዳይነካው። ዛሬ ከዋጡ፣ ነገ ጎበዝ ሰብስበህ በቃሬዛ ንፋስ መውጫ ድረስ አውጣቸው፤ የወረዳ ገዥው ላንድሮቨር ካለ ከገዥው እግር ሥር ውደቅ። እኔ እዚህ አልጋ አስይዛለሁ። ... አትሰናበተኝ! ሂድ!

— ...

— ሄሎ? ... ይሁኔ? ... ማነው? ... ስልከኛው። ጋሽ ዳኛቸው ነዎት? ... ወጣ? ... ቆይ፣ አይዝጉት! አይዝጉት!

— ዋናውን አልነገርኩትም። ... ጋሽ ዳኛቸው፣ መሪጌታን ያውቋቸዋል? ... እርስዎንም ዳዊት ያስደገሙዎት እሳቸው ናቸው? እንግዲያ ጠባያቸውን ለእርስዎ አልነግርም። ልጁ ሲደርስ ዶክተሩ ብሏል ቢላቸው ከንፈራቸውን ገጥመው ይተኛሉ። የእኔን ቃል ከእኔ ቃል በቀር የሚሽረው የለም። ... በሩ ላይ ወጥተው ይጥሩልኝ! ... ይታያል ገና? የት ላይ? ... ገበያው ጫፍ? ይጩኹ፣ ስለ እግዚአብሔር ይጩኹ! እንዲህ ይበሉት፤ «የተሳሳተችው ፈትለወርቅ ናት። ወተቱ የእሷ ስሕተት ነው። ያለ ወተት ይዋጣል።» እንዲሁ፣ ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። ... ገበያተኛውም ይስማ! አገሩ ሁሉ ይስማ፣ እኔ ምን ቸገረኝ!

— ...

— (ምን ትያለሽ ዓለምጸሐይ? ... አላለቀስኩም። የአልጋ ሰባቱን ሰውዬ ተረከዝ እዪለት፣ ፍራሹ እንዳይፈገፍገው። ... ዝም በይ፣ ድምፅ ይሰማኛል... እየጮኹ ነው።)

— ...

— ሄሎ! አለሁ። ... ሰማ? ... ዞረ? ምን አለ? ... መልሶ ጮኸ? ምን ብሎ? ... ሦስቱንም ቃል? አንዱንም ሳይጥል? ... «የተሳሳተችው ፈትለወርቅ ናት።» ... አዎ። ልክ ነው፣ እንደዚያ ነው። ... አሁንስ? ... እየሮጠ ነው። ... አይ፣ ሌላ የለኝም ጋሽ ዳኛቸው። እግዜር ይስጥልኝ። ... አሁን ይዝጉት።